100% እየሠራ 75 ዋት ብቻ የሚስብ አርኤክስ 580፦ ባህር ዳር ያለ የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ ጉዳይ

ይሄን ጉዳይ ከነዝርዝሩ የምጽፈው ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ የሚገዛ ሰው በጣም ስለበዛና ካርዱ ዋት አልበላ ሲል ሁሉም መጀመሪያ የሚሮጠው ፓወር ሳፕላይ ሊገዛ ስለሆነ ነው። እዚህም ያው ሊሆን ነበር።

ማሽኑ ያለው ባህር ዳር ሽምብጥ አካባቢ አንድ የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ኮር አይ7 4770፣ 16 ጊጋ ራም፣ ቢ85 ማዘርቦርድ፣ ላዩ ላይ 550 ዋት የሚል ስሙ የማይታወቅ ፓወር ሳፕላይ፣ እና ከአዲስ አበባ "አዲስ ነው፣ ካርቶኑ ብቻ ነው የሌለው" ተብሎ የተገዛ ባለ 8 ጊጋ አርኤክስ 580። ሥራው በሙሉ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ነው። ጥር ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሁሉም ሰው ልጁን ሊድር ነው፣ ቅዳሜም እሁድም ሰርግ ይደራረባል፣ ፎቶው ጣና ዳር፣ መልሱ ሌላ ቀን፣ ካሜራው ሁሉ 4ኬ ነው፣ ኤክስፖርቱ ሌሊቱን ሙሉ ሄዶ ጠዋት አላለቀም ማለት ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ኢዲተሩ ልጅ ነገሩን ያወቀው በማወዳደር ነው። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የሚማር ጓደኛው ጋ ያው ራሱ ካርድ አለ፣ ካምፓኒው አንድ፣ ሞዴሉ አንድ፣ ሁለቱም አንድ ፕሮጀክት ጭነው ኤክስፖርት ሲያደርጉ የጓደኛው በግልጽ ቀድሞ ይጨርሳል፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ከስቱዲዮው ብዙም አይበልጥም። ልጁ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን የካርዱን ሁኔታ የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍቶ ሲያይ ካርዱ 75 ዋት ላይ ነው ያለው፣ ኤኤምዲ ለአርኤክስ 580 የሚሰጠው የቦርድ ፓወር ግን 185 ዋት ነው። "ወንድሜ፣ 110 ዋት የት ገባ?" ነው ያለኝ።

የስቱዲዮው ባለቤት በፊልም ካሜራ ጀምረው እዚህ የደረሱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ እሳቸው ደግሞ መልሱን ጨርሰውታል። "መብራቱ ነው ልጄ። ማታ ማታ እኮ አምፖሉ ራሱ ይደክማል፣ ካርዱ ከየት አምጥቶ ይብላ?" እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው ጢስ ዓባይ አፍንጫችን ስር ሆኖ፣ ከራሱ ከጣና ውሃ የሚወስደው 460 ሜጋዋቱ በለስም እዚሁ ሆኖ፣ ማታ አምፖል መድከሙ ያናድዳቸዋል፣ እውነታቸውን ነው። የፔዳው ጓደኛ ሦስተኛ ሐሳብ አለው፣ እሱ የሚለው 75 ዋት ማለት ልክ የማዘርቦርዱ ስሎት የሚሰጠው መጠን ስለሆነ ከፓወር ሳፕላዩ ወደ ካርዱ የሚመጣው ባለ 8 ፒኑ ኬብል ጭራሽ አይሠራም፣ ካርዱ ከስሎቱ ብቻ ነው የሚጠጣው ነው። ይሄ በጣም ጎበዝ ግምት ነው፣ ቁጥሩም ቁጭ ብሎ ይገጥማል። ግን ልክ አይደለም፣ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እመጣለሁ።

ከሁሉ በፊት 75 የሚለው ቁጥር ምኑን እንደሚለካ መስማማት አለብን። በዚህ ትውልድ የኤኤምዲ ካርዶች ላይ ጂፒዩ-ዚም ይሁን ኤችደብሊው ኢንፎ የሚያሳየው ዋት የቺፑ ብቻ ነው። ሜሞሪው፣ ፋኑ፣ ቮልቴጅ የሚቀይረው ክፍል የሚያባክነው፣ እነሱ ሁሉ አይቆጠሩም። 185 ደግሞ የጠቅላላ ቦርዱ ነው። ቀዳሚውን አርኤክስ 480 ብታዩ ቦርዱ 150 ዋት ተብሎ የቺፑ ገደብ ግን 110 ነበር። ስለዚህ አንድ ጤነኛ አርኤክስ 580 ጂፒዩ-ዚ ላይ 185 እንዲያሳይ የሚጠብቅ ሰው በከንቱ ነው የሚጨነቀው፣ ብዙ ሰው ደህና ካርዱን ተበላሽቷል ብሎ የሚሸጠውም ከዚህ የተነሳ ነው። የጓደኛውን ካርድ በዚሁ ፕሮጀክት ስናየው 140ዎቹ ውስጥ ነው የሚንቀሳቀሰው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ 75 ለምን 185 አልሆነም ሳይሆን 75 ለምን 140 ምናምን አልሆነም ነው። ጉድለቱ አለ፣ ግን ልጁ ከገመተው ያንሳል።

ሁለተኛው ነገር፣ ካርድ ትንሽ ዋት የሚስበው በሁለት ፍጹም የተለያየ ምክንያት ነው፣ ወይ ሥራ አጥቶ ነው ወይ ተይዞ ነው። ሪዞልቭ ላይ ፕሮሰሰሩ የታመቀውን ቪዲዮ እየፈታ (ዲኮድ እያደረገ) ካልደረሰለት ካርዱ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፣ ሎዱ 30 ወይ 40 ፐርሰንት ላይ ይዋልላል፣ ዋቱም ያንሳል፣ እንዲህ ከሆነ ካርዱ ምንም አልሆነም፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ይሄን ለመለየት አጭር 4ኬ ክሊፕ ወስደን ብዙ የከለር ኖድና ብለር ደራርበንበት እሱን ደጋግመን አጫወትነው፣ ማለትም ካርዱ የግዱን የሚሠራበት ሁኔታ ፈጠርን። ሎዱ 100% ሄደ፣ እዛው ቀረ። ዋቱ 75 ላይ፣ ክሎኩ፣ ማለትም የቺፑ ፍጥነት፣ 1050 ሜጋኸርዝ አካባቢ ከፍ ዝቅ ይላል። አርኤክስ 580 ቡስቱ፣ ማለትም የሚደርስበት ከፍተኛው ክሎክ፣ 1340 ነው። ሙቀቱ 62 ዲግሪ፣ ስለዚህ ሙቀት አይደለም የያዘው። የዋቱን ግራፍ ስታዩት ደግሞ ከላይ በማስመሪያ የተቆረጠ ነው የሚመስለው፣ 75 ይነካል፣ ይመለሳል፣ 75 ይነካል፣ ይመለሳል። ሥራ ያጣ ካርድ እንዲህ አያደርግም፣ ግራፉ ይዘበራረቃል እንጂ አንድ ቁጥር ላይ አይገደብም። ይሄ ካርድ ተይዟል።

የኤንቪዲያ ካርድ ቢሆን ጂፒዩ-ዚ ራሱ ማን እንደያዘው በአንድ መስመር ይነግረን ነበር፣ ፓወር ነው፣ ሙቀት ነው፣ ቮልቴጅ ነው ብሎ። የዚህ ትውልድ ኤኤምዲ ላይ ግን ያ መስመር የለም፣ ስለዚህ አንድ በአንድ ማስወጣት ነው።

የጋሼን መብራት መጀመሪያ ያየሁት አክብሮት ስለሚገባው ነው። ማታ ሶኬቱን በቴስተር ስለካው 195 ቮልት ነው፣ ከ220 በደንብ ወርዷል። ነገር ግን ፓወር ሳፕላይ እንደ አምፖል አይደለም። አምፖል ቮልቴጅ ሲወርድበት ይደበዝዛል፣ ፓወር ሳፕላይ ግን ከግድግዳው ብዙ አምፒር ስቦ 12 ቮልቱን ባለበት ያቆየዋል፣ ካቃተው ደግሞ ይጠፋል ወይ ማሽኑን ሪስታርት ያደርገዋል፣ በመሃል ቁጭ ብሎ ለካርዱ ግማሽ ራሽን አይሰጥም። ካርዱም ቢሆን 12 ቮልቱ ትንሽ ቢወርድበት አምፒሩን ከፍ አድርጎ የፈለገውን ዋት ይወስዳል እንጂ የተሰጠኝ ይበቃኛል አይልም። በዛ ላይ ጠዋት 220 ሞልቶ እያለም ያው 75 ነው። በካርዱ ሎድ ሥር 12 ቮልቱን ቢጫውና ጥቁሩ ገመድ ላይ ስንለካ 11.6 ነው፣ ደረጃው የሚፈቅደው ከ11.4 እስከ 12.6 ስለሆነ ጥሩ ነው ባይባልም ልኩ ውስጥ ነው። ጋሼ ሲነገራቸው "እንግዲያ መብራቱን በሌላ ጉዳይ እንከሰዋለን" ብለው ተቀበሉ።

ቀጥሎ የፔዳው ልጅ ሐሳብ። ከፓወር ሳፕላዩ ለካርዱ የሚሄድ ባለ 8 ፒን ኬብል ስለሌለ ሁለት ሞሌክስ (የድሮ ሃርድ ዲስክ የሚሰካበት ባለ 4 ፒን ማያያዣ) አንድ ላይ አድርጎ ባለ 8 ፒን የሚሠራ አዳፕተር ነው የተገጠመለት። ባለ 8 ፒኑ ላይ ሦስቱ 12 ቮልት ናቸው፣ ሦስቱ ግራውንድ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ኃይል አይሸከሙም፣ ለካርዱ የመጣልህ ባለ 8 ነው ወይስ ባለ 6 ነው ብለው የሚናገሩ ናቸው። ሁለቱም ግራውንድ ከነኩ ካርዱ 150 ዋት የሚችል ኬብል መጣ ብሎ ያምናል፣ አንዱ ብቻ ከሆነ ባለ 6 ፒን ማለትም 75 ዋት ነው። አዳፕተሮቹ ሁለቱንም አንድ ላይ ጠምዝዘው ግራውንድ ስለሚያደርጓቸው ካርዱ ከኋላው ያለው ገመድ ቢቀጥንም ባይቀጥንም ሙሉውን ያምናል፣ አደጋውም እሱ ነው። በሎድ ሥር ክላምፕ፣ ማለትም ገመድ አቅፎ የዲሲ አምፒር የሚለካ ሜትር፣ በሦስቱ ቢጫ ገመዶች ላይ ስናስገባ 5 አምፒር አካባቢ አነበበ፣ በ11.6 ሲባዛ 58 ዋት። ኬብሉ ይሠራል ማለት ነው። የቀረውን ከስሎቱ ነው የሚወስደው፣ እና ቦርዱ በጠቅላላ ከ100 ዋት በላይ እየሳበ ነው። የ75 እና የ75 መመሳሰል አጋጣሚ ብቻ ነው፣ አንዱ የቺፕ ዋት ነው ሌላው የስሎት ገደብ ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም።

ግን አዳፕተሩን ነቅለን ስናየው አንደኛው ሞሌክስ ነጩ ፕላስቲክ በቢጫው ገመድ በኩል ቡናማ ሆኗል፣ ጠጋ ብለህ ስታሸተው ይሸታል። ያውም በግማሽ ሎድ። የፓወር ሳፕላዩን ጎን ዞረን ስናነብ ደግሞ ከላይ በትልቁ 550 የሚለው ዕቃ ከታች ባለው ሠንጠረዥ 12 ቮልት ላይ የሚሰጠው 22 አምፒር ነው፣ ይባዛ፣ 264 ዋት። ፕሮሰሰሩ 84፣ ካርዱ ሙሉውን ቢስብ 185፣ ሁለቱ ብቻቸውን 269። እባካችሁ ፓወር ሳፕላይ ስትገዙ ትልቁን ቁጥር ተዉትና ያቺን የ12 ቮልት መስመር አንብቡ፣ ግራፊክስ ካርድና ፕሮሰሰር የሚኖሩት እሷ ላይ ነው።

ጋሼ ይሄን ሲያዩ "በቃ ተገኘ፣ እንግዛ" አሉ። መቀየር አለበት፣ ልክ ናቸው፣ ለደህንነት። ግን 75ቱን አይቀይረውም ብዬ ነገርኳቸው፣ ምክንያቱም ካርድ ጀርባው ያለው ፓወር ሳፕላይ ስንት አምፒር እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ደካማ ፓወር ሳፕላይ ማሽን ያጠፋል እንጂ ግራፍ በማስመሪያ አይቆርጥም። በወሬ እንዳይቀር የጓደኛውን ፓወር ሳፕላይ ከነኬብሉ ተውሰን ገጠምነው። ያው 75። ያው 1050። ከልጁ ፊት ላይ ተስፋ ሲጠፋ አየሁት፣ ግን ለእኔ ይሄ ትልቅ ዜና ነው፣ ምክንያቱም ከካርዱ ውጭ ያለ ነገር ሁሉ አሁን ነጻ ወጣ።

እዚህ ላይ ነው የኤኤምዲ ሶፍትዌር ውስጥ ያለውን የፓወር ሊሚት ማንሸራተቻ እስከ 50% ከፍ ያደረግነው። ዋቱ ወዲያው ከ75 ተነስቶ 87 አካባቢ ደረሰ፣ ክሎኩ ደግሞ 1150 ላይ ወጥቶ ቀጥ አለ፣ ከዛ በኋላ ማንሸራተቻውን ምንም ብታደርገው አይነቃነቅም። እስቲ አስቡት፣ ገደቡን ስናነሳ እስካነሳነው ድረስ ያልሄደው ሌላ ገደብ ስላገኘ ነው። አንደኛው ግድግዳ 75 ዋት፣ ሁለተኛው ግድግዳ 1150 ሜጋኸርዝ። ሁለቱም ፋብሪካ አያስቀምጣቸውም። ሰው ነው ያስቀመጣቸው፣ የተቀመጡትም ድራይቨሩ ውስጥ አይደለም፣ ድራይቨሩን ጠርገን እንደ አዲስ ስንጭነው ጭራሽ ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ትልልቅ ሆኖ ቀረ፣ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ቢጫ ምልክት፣ ኮድ 43።

ያኔ ልጁ አንድ ነገር ትዝ አለው። ካርዱ እንደተገዛ ሰሞን ይሄው ራሱ ገጥሟቸው ሻጩ በኢንተርኔት ማሽናቸው ውስጥ ገብቶ "ትንሽ ፕሮግራም" አስነስቶ አስተካክሎላቸው ነበር። ያ ትንሽ ፕሮግራም ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ታሪኩ ይገባዋል። የኤኤምዲ ድራይቨር በዊንዶውስ ሲነሳ የካርዱ ባዮስ (ካርዱ ላይ ተጽፎ ያለው፣ ዋቱንና ክሎኩን የሚወስነው ፕሮግራም) ፊርማው ያልተነካ መሆኑን ያያል፣ የተነካካ ከሆነ አልነሳም ይላል፣ ፕሮግራሟ ያንን ፍተሻ ከድራይቨሩ ላይ ታወጣዋለች። በጤነኛ ካርድ ላይ ማንም አያስፈልገውም።

ሌላም ምልክት ነበር፣ ማንም ከዚህ ጋር ያላያያዘው። ከሚሰጧቸው ቪዲዮዎች አንዳንዱ ላይ በሆነ ሰከንድ አረንጓዴ ካሬ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ልጁ አንዱን አሳየኝ፣ ጣና ዳር፣ ሙሽራዋ ዞር ስትል ግንባሯ ላይ ለአንድ ፍሬም ብቻ ደማቅ አረንጓዴ ካሬ፣ ድጋሚ ኤክስፖርት ስታደርገው እዛ ቦታ የለም፣ ሌላ ቦታ ይመጣል። የካሜራው ሜሞሪ ካርድ ነው ብለው ሜሞሪ ካርድ ለውጠዋል። ቦታውን እየቀየረ የሚመጣ ስህተት ግን ከተቀረጸው ፋይል ሊሆን አይችልም፣ ፋይሉ ውስጥ ቢሆን ሁሌ እዛው ነው የሚገኘው። ኤችደብሊው ኢንፎ ላይ የጂፒዩ ሜሞሪ ኤረር የሚል ቆጣሪ አለ፣ ጤነኛ ካርድ ላይ ዜሮ ነው የሚሆነው፣ እዚህ አንድ ኤክስፖርት ሳያልቅ ሺዎች ውስጥ ገባ።

ሦስቱን ስትደምራቸው፣ ማለትም የተቆረጠ ዋት፣ ዝቅ ያለ የክሎክ ጣሪያ፣ እና የሚሳሳት ሜሞሪ፣ ካርዱ የማይኒንግ፣ ማለትም እንደ ኢቴሪየም ያለ ዲጂታል ገንዘብ በስሌት ለማግኘት ሲሠራ የኖረ ካርድ ነበር። ኢቴሪየም ማይን የሚያደርግ ሰው የቺፑ ፍጥነት ብዙም አያስጨንቀውም፣ ሥራው ያለው ሜሞሪው ላይ ነው። ስለዚህ ባዮሱን ከፍቶ የቺፑን ዋትና ክሎክ ይቀንሳል፣ የሜሞሪውን ታይሚንግ (በአንድ ሥራና በሚቀጥለው መሃል የሚጠብቀውን ጊዜ) ያጠብቃል፣ በአንድ ዋት የሚያገኘው እንዲበዛለት። ሜሞሪው አልፎ አልፎ ቢሳሳት እሱ አንድ ሙከራ ይባክንበታል፣ ሌላ ምንም። ለሱ በጣም ትክክለኛ ሥራ ነው። ኢቴሪየም መስከረም 15 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. አሠራሩን ቀይሮ በካርድ ማይን ማድረግ ሲያበቃ እነዚህ ካርዶች በጅምላ ገበያ ላይ ፈሰሱ፣ ብዙዎቹ ባዮሳቸው ሳይመለስ። ካርዱን መሸጥ ምንም ችግር የለበትም፣ የማይኒንግ ካርድ ሁሉ የሞተ ነው የሚለውም ወሬ ልክ አይደለም፣ ግን "አዲስ ነው" ብሎ መሸጥና ኮድ 43ን ሸፍኖ መሄድ በጣም ያሳዝነኛል፣ የሰው የሰርግ ቀን ነው እዛ ሜሞሪ ውስጥ የሚያልፈው።

ማረጋገጫው ቀላል ሆነ። ከሁለቱም ካርዶች ባዮሱን በጂፒዩ-ዚ ሴቭ አደረግን። የቨርዥን ቁጥሩ ሁለቱም ላይ አንድ ነው፣ በዓይን ብታየው ልዩነት የለውም፣ የሚያርም ሰው እሱን አይነካውምና። ፖላሪስ ባዮስ ኤዲተር በሚባለው የባዮሱን ውስጥ በሚያሳይ ፕሮግራም ስንከፍታቸው ግን የስቱዲዮው ላይ የዋት ገደቡ 75 ይላል፣ የጓደኛው 145። የመጨረሻው ክሎክ የስቱዲዮው 1150፣ የጓደኛው 1340። የሜሞሪው ደግሞ ለ1750 ሜጋኸርዝ የተሠራው ታይሚንግ ተገልብጦ 2000 ላይ ተለጥፏል፣ ቃል በቃል አንድ ናቸው። አረንጓዴው ካሬ ከዛ ነው የመጣው።

መፍትሔው የጓደኛውን ባዮስ መጫን ነው፣ እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባዮስ ከኢንተርኔት መፈለግ ይቻላል፣ ነገር ግን ካምፓኒው፣ ሞዴሉና የሜሞሪ ቺፑ ሠሪ ሦስቱም መግጠም አለባቸው፣ ሳምሰንግ ለሆነ ሜሞሪ የተሠራ ባዮስ ማይክሮን ላይ ብትጭን ስክሪን ላታይ ትችላለህ። እኛ ጋ የሁለቱም ሜሞሪ ማይክሮን ነው፣ ጂፒዩ-ዚ ላይ ይታያል። የጓደኛው ባዮስ ያልተነካ መሆኑን ደግሞ በምን አወቅን ካላችሁ፣ ማሽኑ ላይ ያለምንም ፓች፣ ማለትም ያለዛች ፍተሻ አውጪ ፕሮግራም፣ ንጹሕ ድራይቨር ይነሳል፣ ፊርማው ደህና ነው ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ ከሚገኝ ፋይል ይሄ አሥር እጥፍ ይታመናል።

ካርዱ ጠርዙ ላይ ትንሽ የባዮስ ማብሪያ አለው፣ ሁለት ባዮስ ነው የሚይዘው። ማይን አድራጊው ሁለቱንም አርሟቸዋል፣ አዙረን አይተናል። ቢሆንም አንዱን ብቻ ነው የምንጽፈው፣ ሌላው እንዳለ ይቆያል፣ ነገሩ ቢበላሽ ማሽኑን አጥፍቶ ማብሪያውን ማዞር ነው። ፕሮሰሰሩም የራሱ ግራፊክስ ስላለው ስክሪኑን ከማዘርቦርዱ ሰክተን መሥራት እንችላለን። የሚያስፈራው መብራት ነበር፣ መጻፉ ከደቂቃ ባያልፍም መሃል ላይ ቢሄድ ደስ አይልምና ዩፒኤሱ ሞልቶ እስኪጨርስ ጠብቀን፣ ጠዋት ቮልቴጁ ደህና ሲሆን ነው የጻፍነው። ከዛ በፊት ግን አዲሱ ፓወር ሳፕላይ ከአዲስ አበባ መጥቶ ገብቷል፣ እውነተኛ 550፣ ባለ 8 ፒኑ ከራሱ የሚወጣ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፣ ገደቡን መጀመሪያ ብናነሳው ኖሮ ያ ቡናማ የሆነው ሞሌክስ ነበር ሙሉውን የሚሸከመው።

ተጻፈ፣ ማሽኑ ተነሳ፣ ድራይቨሩ ያለ ፓች ገባ። ያንኑ ክሊፕ ስናጫውት ዋቱ 145፣ ክሎኩ 1340፣ የሜሞሪ ኤረር ዜሮ። ልጁ ጮኸ። ከግድግዳው የሚለካው ሜትር ቀድሞ በዚሁ ሎድ 210 ዋት አካባቢ ያነብ የነበረው 300 ገባ።

ከዛ ደግሞ ሙቀቱ መጣ። 70፣ 80፣ 89፣ ክሎኩ መውረድ ጀመረ። 62 ዲግሪ ላይ የነበረው ካርድ ጤነኛ ሆኖ ሳይሆን ግማሽ ሥራ ስለሚሠራ ነበር እንጂ ፔስቱ (ከቺፑ ወደ ሂትሲንኩ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ካለቀ ቆይቷል። በካቻቢቴ አራቱን ብሎን ፈትተን ሂትሲንኩን ስናነሳው ፔስቱ እንደ ደረቀ ሊጥ ተሰነጣጥቆ ግማሹ ቺፑ ላይ ግማሹ መዳቡ ላይ ቀርቷል፣ በክንፎቹ መሃል ያለው አቧራ በብሩሽ አይወጣም፣ በነፋስ ነው የተገፋው። ባህር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባህር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ፋኑ በዛው ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፣ ውጭ አገር ሰው ይሄ ካርድ 70 ዲግሪ ነው የሚሠራው ቢላችሁ እዚህ ጥቂት ጨምሩበት። ፔስቱ ተቀይሮ፣ ታጥቦ፣ የኬዙ የኋላ ፋን ሲስተካከል 76 ላይ ረጋ።

የኤክስፖርቱ ፍጥነት ስንት ጨመረ? ሩብ ያህል። ልጁ እዚህ ላይ ትንሽ ቅር አለው፣ ዋቱ እጥፍ ሆኖ ፍጥነቱ ለምን እጥፍ አልሆነም ብሎ። የቺፕ ዋት ከክሎኩ ጋር ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋርም ነው። በ75 ዋት ጊዜ ቺፑ 0.925 ቮልት ላይ ነበር፣ አሁን 1.15 ነው። 1340 ለ1050 ሲካፈል 1.28፣ 1.15 ለ0.925 ሲካፈል ደግሞ 1.24፣ እሱ በራሱ ሲባዛ 1.54 ያህል ይመጣል፣ ሁለቱ ተባዝተው እጥፉን ያመጡታል። ሥራ የሚሠራልህ ግን 1.28ቱ ብቻ ነው፣ የቀረው ሙቀት ነው።

ስለዚህ ለስቱዲዮው የተስማማነው 145ቱን ሙሉ እንዲበላ አይደለም። ድራይቨሩ ውስጥ ክሎኩን 1300፣ ቮልቴጁን 1.075 አደረግነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ኤክስፖርት ሲያደርግ ዋቱ 120ዎቹ ውስጥ፣ ሙቀቱ 70 አካባቢ፣ ከፍጥነቱ የጠፋው በሰዓት ብትይዘው እንኳ የማይታይ ነው። ካርዱ አሁንም ከስፔሲፊኬሽኑ በታች ነው የሚስበው፣ ግን አሁን ገደቡን ያስቀመጠው ሥራው የሚጠይቀውን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ሜሞሪውም አይሳሳትም። ጋሼ ዋት ሜትሩን ወደዱት፣ ዲቫይደሩ ላይ እንደተሰካ እንዲቀር አዘዋል፣ ደንበኛ ሲመጣም ያሳያሉ።

ማይን አድራጊው ያረመው የድሮ ባዮስ ሁለተኛው ቦታ ላይ አሁንም አለ። ማብሪያው በስህተት እንዳይዞር ላዩ ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል፣ የሁለቱም ካርድ የባዮስ ፋይል ቀኑ ተጽፎበት ስቱዲዮው ፍላሽ ውስጥ ተቀምጧል፣ ክረምት ገብቶ ሰርጉ ሲቀዘቅዝ ሁለተኛውንም እንጽፈዋለን።